165 ሚሊዮን ዓመት በአንድ ሥዕል አይጠቃለልም፦ ስለ ዳይኖሰሮች ዘመን ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ዳይኖሰሮች ዘመን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ነበር። ለወላጆችና ለመምህራን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። አማርኛው ያምራል፤ ጉዳዩም በቋንቋችን ብዙ ያልተጻፈበት ነው። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ልጆች ስለዚህ ዘመን በአማርኛ የሚያነቡት ጥቂት ስለሆነ፣ ያ ጥቂቱ ትክክል መሆን አለበት።

ጸሐፊው በጥቅሉ ሰባት ነገር ይላሉ። ዳይኖሰሮች ሁሉ በአንድ ዘመን አብረው ኖሩ፤ ብቅ ካሉበት ጊዜ ጀምሮ በግዝፈታቸው ምድርን ገዙ፤ በባሕርና በሰማይ የነበሩት ግዙፍ እንስሳትም ዳይኖሰሮች ናቸው፤ አጥቢ እንስሳት የመጡት እነሱ ካለቁ በኋላ ነው፤ ዕድሜያቸው የተሰላው በካርቦን ስለሆነ ግምት ነው፣ እንዲያውም ከሰው ጋር ሳይኖሩ አልቀሩም፤ በአንድ ቀን አልቀው ዘር አልተረፋቸውም፤ በኢትዮጵያ ያልነበሩት ደጋው ስላልተስማማቸው ነው። በየተራ እመለስባቸዋለሁ፤ ለሁሉም ግን እኩል ቦታ አልሰጥም።

ከጽሑፉ አናት ላይ ካለው ሥዕል ልነሣ። ስቴጎሳውረስ፣ ያ በጀርባው ላይ ሰፋፊ አጥንቶች የተደረደሩለት ቅጠል በል፣ ጎንበስ ብሎ ይግጣል፤ ታይራኖሳውረስ ሬክስ ደግሞ ከኋላው አፉን ከፍቶ ይመጣበታል። ሁለቱ በሕይወት ተያይተው አያውቁም። ስቴጎሳውረስ በዛሬው ምዕራብ አሜሪካ የኖረው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን ማብቂያ ነው። ታይራኖሳውረስ የኖረው ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በክሬታሽየስ መጨረሻ ነው። በሁለቱ መካከል ከ80 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ። ከታይራኖሳውረስ እስከ እኛ ያለው ግን 66 ሚሊዮን ነው። በዘመን ከተቆጠረ ታይራኖሳውረስ ከስቴጎሳውረስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

የሥዕል ስሕተት ብቻ ቢሆን አልፈው ነበር። ነገር ግን የጽሑፉ ስሕተቶች ሁሉ የሚፈልቁት ከዚህ ነው፤ እጅግ ረጅም የሆነውን ጊዜ አጥፎ አንድ ቀን ማድረግ። ሜሶዞይክ የሚባለው ዘመን ከ252 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለውን ይሸፍናል፤ በውስጡም ሦስት ክፍሎች አሉት። ትራያሲክ እስከ 201፣ ጁራሲክ እስከ 145፣ ክሬታሽየስ እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድረስ ቆዩ። እርግጠኛ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ የዳይኖሰር አጽሞች 231 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጥራሉ። ከዚያ ጊዜ እስከ ዛሬ ያለውን በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ብናሰፍረው፣ መስከረም 1 ቀን የመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች ይታያሉ። ትራያሲክ ጥቅምት 18 ያበቃል። ስቴጎሳውረስ በጥር መጀመሪያ ይኖራል፤ ታይራኖሳውረስ ግንቦት 18 ይመጣና ግንቦት 21 ዘመኑ ያከትማል። ድንቅነሽ ነሐሴ 30 ትደርሳለች። የእኛ ዝርያ የሚመጣው ጳጉሜን 5 ቀን፣ ያውም ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ይህን ስፋት የያዘ አንባቢ የቀሩትን ነጥቦች በራሱ መመርመር ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ በጣም የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም ከጸሐፊው ሌላ ብዙ ሰውም እንዲህ ያምናል። ዳይኖሰሮች ብቅ ሲሉ ጀምሮ ገዙ የሚለው እውነት አይደለም። መኖርና መግዛት ለየብቻ መቆጠር አለባቸው፤ በሁለቱ መካከል 30 ሚሊዮን ዓመት አለ።

በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ኢስቺጓላስቶ የሚባል ደረቅ ሸለቆ አለ። ከጥንታዊዎቹ ዳይኖሰሮች መካከል ኢኦራፕተርና ሄሬራሳውረስ የተገኙት እዚያ ነው። በአለቱ ሥረኛ ክፍል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ 231.4 ሚሊዮን ዓመት ሰጥቷል። ኢኦራፕተር ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ በሁለት እግሩ የሚሮጥ ቀላል እንስሳ ነበር። ሄሬራሳውረስ ከእሱ በጣም ይተልቃል፤ በዚያው ሸለቆ ግን ሳውሮሱከስ የሚባል፣ ከአዞ ወገን የሆነ፣ ስድስት ሜትር የሚያልፍ አዳኝ ነበር። ከአለቱ የወጣው ቅሪተ አካል ሲቆጠር አብላጫውን የሚይዙት ዛሬ ዘር ያልተዉ ቅጠል በል ተሳቢዎችና ወደ አጥቢዎች የሚጠጉ እንስሳት ናቸው። ዳይኖሰሮች በዚያ ማኅበር ውስጥ አናሳ ነበሩ።

በትራያሲክ መጨረሻ አካባቢ ነገሩ ትንሽ ተለውጧል። በጀርመን የተገኘው ፕላቴዎሳውረስ ትልቅ ቅጠል በል ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም በብዙ ቦታ ግዙፎቹ አዳኞች አሁንም የአዞ ዘመዶች ነበሩ። አንዳንዶቹ እንደ ዳይኖሰር ቀጥ ባለ እግር የሚሄዱ፣ አንዳንዶቹም ቅጠል የሚበሉ ነበሩ። በዚያን ዘመን ምድርን ያየ ታዛቢ ወደፊት ገዢዎቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ሚዛኑን ያዛባው ከ201 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደረሰው እልቂት ነው። ፓንጂያ የሚባለው አንድ ወጥ አህጉር መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ዛሬ አትላንቲክ ውቅያኖስ በሆነው ስንጥቅ ግራና ቀኝ መጠኑ የማይታመን ቅልጥ አለት ፈሰሰ። ከእሱ ጋር የወጣው ጋዝ የአየሩንና የባሕሩን ጠባይ ለወጠው። ከአዞ ወገን አብዛኞቹ ጠፉ፤ ዳይኖሰሮች ተረፉ። ለምን ተረፉ የሚለው አሁንም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ከቻይናው የጁንጋር ተፋሰስ በረዶ ተሸክሞ የጣላቸውን ጠጠሮች አሳይቶ፣ ቀዳሚዎቹ ዳይኖሰሮች ላባ መሰል ልብስ ስለነበራቸው እሳተ ገሞራው ያስከተለውን ብርድ ቻሉት የሚል ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ይህ ሐሳብ ያሳምነኛል። ሐሳቡ ትክክል ሆነም አልሆነ፣ ጸሐፊው እንዳሉት በጉልበት የተነጠቀ ዙፋን አልነበረም። ተቀናቃኞቻቸው በሌላ ምክንያት ከወደቁ በኋላ ነው ሜዳው የተለቀቀላቸው። የግዛታቸው ዘመን የሚቆጠረው ከዚህ ነው፤ ከ201 እስከ 66፣ ማለትም 135 ሚሊዮን ዓመት። ይህም ቢሆን ለማንም የየብስ እንስሳ ወገን እጅግ ረጅም ነው፤ ለማጋነን 30 ሚሊዮን መጨመር አያስፈልገውም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልመልስ። በባሕር የኖሩት ኢክቲዮሳውሮች፣ ፕሌሲዮሳውሮችና ሞሳሳውሮች፣ በሰማይ የበረሩት ቴሮሳውሮችም ዳይኖሰሮች አይደሉም። ቴሮሳውሮች የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ የባሕሮቹ ደግሞ ራቅ ያሉ ተሳቢዎች። ዳይኖሰርን የሚለየው የዳሌው አሠራር ነው፤ የጭን አጥንቱ የሚገባበት ጉድጓድ ክፍት ሆኖ እግሩ ከሰውነቱ ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘመናቸውም አንድ አይደለም። ኢክቲዮሳውሮች ከዳይኖሰሮች ቀድመው ታዩ፤ ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳይኖሰሮች ገና በሙሉ ኃይላቸው ሳሉ፣ ጠፉ።

አጥቢ እንስሳት ኋላ መጡ የሚለውም አያስኬድም። ሞርጋኑኮዶንን የመሰሉ አይጥ የሚያህሉ ቀዳሚ የአጥቢ ወገኖች ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነበሩ። በጁራሲክ ውስጥ በውኃ የሚዋኙና ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፉ ነበሩ። በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በሊያዎኒንግ የተገኘው ሬፔኖማመስ ደግሞ የሚደንቅ ነው። ከ125 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው የዚህ አጥቢ ሆድ ዕቃ በነበረበት ቦታ የሲታኮሳውረስ ግልገል አጥንቶች ተገኝተዋል፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። አጥቢ ዳይኖሰርን በልቷል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን ከአጥቢዎች መካከል ከውሻ ብዙ የሚተልቅ አልታወቀም። ዳይኖሰሮች ያልፈቀዱላቸው ግዝፈትን ነው፤ ሕይወትን አልከለከሏቸውም።

አሁን ወደ አምስተኛው፣ ስለ ዕድሜ አቆጣጠሩ ወደተነሣው ነጥብ። ጸሐፊው የካርቦን ስሌት ከጥቂት ሺህ ዓመታት በላይ ስለማያስተማምን የሚሊዮን ዓመታቱ ቁጥር ግምት ነው ይላሉ። ካርቦን ሩቅ እንደማይደርስ መናገራቸው ልክ ነው። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ ላለ ነገር አያገለግልም። ነገር ግን የዳይኖሰርን ዕድሜ በካርቦን የሚለካ ባለሙያ የለም። ጸሐፊው የተከራከሩት ማንም ካልተናገረው ነገር ጋር ነው።

እውነተኛው ሥራ እንዲህ ነው። በአብዛኛው የሚለካው አጥንቱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ይገኛሉ። ዚርኮን ከቅልጥ አለት ሲፈጠር ዩራኒየምን ይቀበላል፣ እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን አያስገባም። ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ ኋላ በክሪስታሉ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ያለፈውን ጊዜ ይናገራል። ደግሞ ሁለት ዓይነት ዩራኒየም አለ። የአንደኛው ግማሽ ዕድሜ 4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ የሁለተኛው 704 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ሁለቱም ወደተለያየ የእርሳስ ዓይነት ይለወጣሉ። ስለዚህ በአንድ ክሪስታል ውስጥ በተለያየ ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት ሰዓቶች አሉ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ መልስ ካልሰጡ ተመራማሪው ክሪስታሉ እንደተነካ ያውቃል። ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም አለ፤ ፖታሲየም ወደ አርገን የሚለወጥበትን መጠን መለካት።

ይህ የአርገን መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት ስንል፣ ቁጥሩ የመጣው በሐዳር ካሉት የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች በዚሁ በአርገን ተለክቶ ነው። ጸሐፊው በዚያው ጽሑፍ ኢትዮጵያ የሰው ዘር መገኛ መሆኗን በኩራት ያነሣሉ፤ ኩራቱን እኔም እጋራዋለሁ። ግን አፋር ላይ የምናምነውን ሰዓት አርጀንቲና ወይም የአሜሪካዋ ሞንታና ላይ ስንደርስ ግምት ነው ልንለው አንችልም። አለካኩ አንድ ነው፤ ሒሳቡም አንድ ነው።

ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖረው ይሆናል ለሚለው ጸሐፊው አንድ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ በታይራኖሳውረስ አጥንት ውስጥ ለስላሳ ሥጋ ተገኝቷል፣ ሥጋ ደግሞ ሚሊዮን ዓመት አይቆይም የሚል። ከኋላው ያለው ግኝት እውነት ነው፣ ግን ተዛብቶ ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሜሪ ሽዋይትዘርና ባልደረቦቿ ከሞንታና የወጣ የታይራኖሳውረስ የጭን አጥንት ወስደው ማዕድኑን በአሲድ ሲያሟሙት፣ የሚለጠጥ ቅሪትና የደም ሥር የሚመስሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ቀሩ። የታረደ በሬ ሥጋ ዓይነት ትኩስ ነገር አልነበረም። ቅሪቱ ምን እንደሆነ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ሽዋይትዘር ራሷ ከደም የሚመጣ ብረት እንዲህ ያለውን ቅሪት ሊያቆየው እንደሚችል በሙከራ አሳይታለች። አጥንቱ 68 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ የጻፈችውም እሷው ናት፤ ግኝቷ ዘመኑን ያሳጥራል ብላ አታውቅም። በሌላ በኩል፣ የዝርያችን ጥንታዊ አጽሞች በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ 300,000 ዓመት ገደማ፣ በእኛው ኦሞ ቂቢሽ ከ200,000 ዓመት በላይ ናቸው። በእነዚህና በመጨረሻው ታይራኖሳውረስ መካከል ከ65 ሚሊዮን ዓመት በላይ ውፍረት ያለው አለት አለ። በዚያ ሁሉ አለት ውስጥ ከአዕዋፍ በቀር (ወደ እነሱ እመለሳለሁ) አንድም ዳይኖሰር በዘመኑ ኖሮ መሞቱ አልተረጋገጠም።

ስድስተኛው ነጥብ እልቂቱ ነው። ጸሐፊው ከሰማይ የመጣ አለት እንዳጠፋቸው መጻፋቸው ትክክል ነው፤ ታሪኩ ግን ከነዝርዝሩ ሲነገር ይበልጥ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ፊዚሲስቱ ሉዊስ አልቫሬዝ፣ ልጁ ጂኦሎጂስቱ ዋልተር፣ ኬሚስቶቹ ፍራንክ አሳሮና ሄለን ሚሼል በጣሊያን ጉቢዮ አጠገብ ባለ ቀጭን የሸክላ አፈር ንጣፍ ውስጥ ኢሪዲየም ከሚጠበቀው በላይ በዝቶ እንዳገኙ አሳወቁ። ኢሪዲየም በምድር ገጽ ብርቅ፣ በጠፈር አለቶች ግን የበዛ ነው። ከዚህ ተነሥተው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አካል ምድርን መትቷል አሉ። ጉድጓዱ በወቅቱ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን በሜክሲኮ ዩካታን ልሳነ ምድር ሥር የተቀበረው፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቺክሹሉብ መሆኑ ተገለጸ። ዕድሜው ከሸክላው ንጣፍ ዕድሜ ጋር ይገጥማል፤ 66 ሚሊዮን ዓመት።

«በአንድ ቀን አለቁ» ማለት ግን ዓለም አቀፉን ሞት አያስረዳም። ምቱ በቅርብ የነበረውን ወዲያው ፈጅቷል፤ ሩቅ ያለውን የገደለው ተከትሎ የመጣው ጨለማና ብርድ ነው። የተመታው መሬት ድኝ ያለበት ጂፕሰም የበዛበት ስለነበር ወደ ሰማይ የተነሣው ድኝ ከአቧራና ከጥላሸት ጋር ፀሐይን ጋረደ። ዕፅዋት ምግብ መሥራት አቆሙ፤ ቅጠል በሎች ተራቡ፤ ቀጥለው ሥጋ በሎች። ይህ ወራትንና ዓመታትን የፈጀ ሞት ነው። በሕንድ ደግሞ በዚያው ዘመን የደካን እሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት እያፈሰሰ ነበር፤ የእሱ ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ከእንስሳትና ከዕፅዋት ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ጠፉ።

ዘር አልተረፋቸውም የሚለው ደግሞ ሊታረም ይገባል። አዕዋፍ ዳይኖሰሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1861 በጀርመን ዞልንሆፈን የተገኘው አርኬኦፕቴሪክስ ላባም፣ ጥርስም፣ ረጅም የጅራት አጥንትም ነበረው፤ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሊያዎኒንግ ሳይኖሳውሮፕተሪክስ ላባ መሰል ጸጉሩ በድንጋይ ላይ ታትሞ ተገኘ፤ ከእሱም በኋላ ብዙ ባለ ላባ ዳይኖሰሮች ወጡ። በአዲስ አበባ ሰማይ የሚያንዣብበው ጭልፊትና በየጓሮው የምትጭረው ዶሮ የሚመዘዙት ታይራኖሳውረስ ካለበት የሥጋ በሎች ወገን ነው። ዛሬ ከ10,000 በላይ የአዕዋፍ ዝርያ ስላለ ዘራቸው አልጠፋም።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ አገራችን ነው፤ በጣም ያዘንኩትም እዚህ ላይ ነው። ዳይኖሰሮች በኢትዮጵያ ያልነበሩት የደጋው ብርድ ስላልተስማማቸው ነው ተብሏል። በመጀመሪያ፣ ብርድ አላገዳቸውም። በሰሜን አላስካ 70 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ አለት፣ በአንታርክቲካም በጁራሲክ አለት ተገኝተዋል። ሁለተኛ፣ ደጋው ራሱ በዘመናቸው አልነበረም። ሰሜንን፣ ጎጃምንና ሸዋን የሸፈነው ወፍራም ባዛልት፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ አለት፣ በአብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዳይኖሰሮች ካለቁ ከ36 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ማለት ነው። ራስ ዳሸንን ያየ ስቴጎሳውረስም ታይራኖሳውረስም የለም።

በዘመናቸው እዚህ ምን እንደነበረ ማየት የሚፈልግ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ይያዝ። ከላይ ባዛልቱ አለ። ከእሱ ሥር የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ የጎሐ ጽዮን ጂፕሰምና ጭቃ ድንጋይ፣ ከሥር የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይመጣሉ። ጂኦሎጂስቶች የሰየሟቸው በአገራችን ቦታዎች ስም ነው። አንታሎው በጁራሲክ ዘመን ጎንድዋና የሚባለው የደቡብ ምድር ሲሰነጠቅ ከደቡብ ምሥራቅ የገባ ባሕር ወለል ነው፤ የባሕር እንስሳት ዛጎል ሞልቶበታል። ብዙ ጊዜ ለሲሚንቶ የምንቆፍረው ኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። በባሕር ሥር የነበረ አገር የዳይኖሰር አጥንት በብዛት አለመያዙ አያስገርምም።

ባሕሩ ሲሸሽ ግን ወንዞች በዚያው ሜዳ ላይ ጭቃና አሸዋ አነጠፉ፤ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይህ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ዳይኖሰሮች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በማርክ ጉድዊንና በባልደረቦቹ የታተመው ጥናት በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ከዚህ ንጣፍ የወጡ የየብስና የወንዝ እንስሳት ቅሪቶችን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሊ ሆልና ጉድዊን በዚያው ንጣፍ የተለያዩ ዳይኖሰሮች ጥርሶች እንዳሉ አሳወቁ። ዕድሜያቸው በጁራሲክ ማብቂያ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። በዚያው ዘመን ገደማ በታንዛኒያ ቴንዳጉሩ ጂራፋታይታን የሚባለው አንገተ ረጅም ግዙፍ ቅጠል በል ይሄድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 በጀርመኖች ጉዞ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች አጥንቱን ቆፍረው ተሸክመው ወደ ሊንዲ ወደብ ያወረዱት፣ ዛሬ በርሊን ሙዚየም 13 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመው።

በኢትዮጵያ የተገኘው ያነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዘመኑ አለት በአብዛኛው ከባዛልቱ ሥር ተቀብሯል፤ የሚታየው እንደ ዓባይ፣ ሙገርና ጀማ ባሉ ወንዞች በተቆረጡ ገደሎች ግድግዳ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የአገራችን የቅሪተ አካል ሥራ አቅሙን ያዋለው በአፋርና በኦሞ የሰውን ዘር ፍለጋ ላይ ነው። ጽሑፉን ለተማሪዎቻቸው ያነበቡ መምህራን ቢያንስ ይህን አንዱን ነጥብ ነገ ጠዋት እንዲያርሙት እለምናለሁ፤ ዳይኖሰሮች እዚህ ነበሩ፣ ጥርሳቸውም ከሙገር ወጥቷል።